«አንድ እንቅልፍ ነው»

ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ምን ያህል ይርቃል ብላችሁ የዛሬን ልጅ ጠይቁ። በኪሎ ሜትር የሚመልስላችሁ ካገኛችሁ በግ አርድለታለሁ። አንዱ «አሥራ ሰባት ሰዓት» ይላል። ሌላው «ምን አሥራ ሰባት፣ አሥራ ሦስት ነው እንጂ» ብሎ ይሟገታል፤ ጉዱ ደግሞ ሁለቱም እውነታቸውን መሆኑ ነው። የእኔው ልጅ ጭራሽ ሰዓቱንም ትቶታል። ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ቁጭ ብሎ «አባዬ፣ አንድ እንቅልፍ እኮ ነው» ይለኛል። የማን እንቅልፍ? የእሱ ከሆነ አውቀዋለሁ፤ በልጅነቱ ቅዳሜ ማታ ተኝቶ እሑድ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ ነበር የሚነሳው። የእኔ እንቅልፍ ግን ሽንት ቤት ሳልመላለስ ሦስት ሰዓት ከሞላ ለጎረቤት የሚወራ ነው።

ርቀቱን እነሱ ካልነገሯችሁ እኔ ልንገራችሁ። በሰማይ ቀጥታ ቢለካ ወደ 11,560 ኪሎ ሜትር ነው። ከአዲስ አበባ ጎንደር በመኪና 730 ኪሎ ሜትር ያህል ነው ብለን ብንይዝ፣ ይህ ማለት ጎንደርን ስምንት ጊዜ ደርሶ መልስ መሄድ ማለት ነው። እስቲ ጎንደር ስምንት ጊዜ ደርሶ የመጣ ሰው ፊት ቆማችሁ «አንድ እንቅልፍ ነው» በሉት፤ የሚመልስላችሁን እኔ እዚህ አልጽፈውም። በበቅሎ፣ በቀን 30 ኪሎ ሜትር እየተጓዛችሁ ደግሞ አንድ ዓመት ሞልቶ ይተርፋል። እሱም በቅሎዋ አትላንቲክን መዋኘት ከተስማማች ነው።

ድሮ ሩቁን ሩቅ ይሉት ነበር። በ1896 ዓ.ም ሮበርት ስኪነር የተባለው የአሜሪካ መልእክተኛ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር ውል ሊፈራረም ሲመጣ፣ ባሕሩን በመርከብ፣ ከጅቡቲ እስከ ድሬዳዋ በባቡር፣ ከዚያ ወዲህ ያለውን በበቅሎ ነው የመጣው፤ ሐዲዱ ያን ጊዜ ከድሬዳዋ አላለፈም ነበርና። በ1911 ዓ.ም ደጃዝማች ናደው፣ ኅሩይ ወልደ ሥላሴና ከንቲባ ገብሩ ዋሽንግተን ሲላኩ ባቡሩ አዲስ አበባ ገብቶ ነበር፤ ጅቡቲ ድረስ በባቡር ወርደው ከዚያ በመርከብ ሄዱ። እነዚህ ሰዎች ደክሟቸው ቢተኙ ማንም አይታዘባቸውም። ከየት እንደመጡ የታወቀ ነዋ! እኔ ዋሽንግተን ገብቼ ሶፋ ላይ ጋደም ብል ግን የልጅ ልጄ «አያቴ ታመመ እንዴ?» ብሎ ይጠይቃል። በአንድ እንቅልፍ የመጣ ሰው እንደገና ምን እንቅልፍ ያስፈልገዋል?

አውሮፕላኑንም ቢሆን ከአባቶቻችን ጀምሮ ነው የምናውቀው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም ተቋቋመ፤ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 የመጀመሪያ በረራውን በአስመራ በኩል ካይሮ አደረገ። ከጦርነቱ የተረፈው ያ ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር የሚበረው። በዚያ ፍጥነት ዋሽንግተን ወደ 40 ሰዓት አየር ላይ ያስቆያል፤ ነዳጅ ለመቅዳት በየአገሩ መውረድ ሳይቆጠር ነው። እሺ፣ ዛሬ ፈጥኗል። መፍጠኑን መች ካድኩ? የተቃወምኩት የአውሮፕላኑን ሰዓት የእኔ ሰዓት ነው ማለታቸውን ነው።

አሁን ወደ አሥራ ሰባቱና አሥራ ሦስቱ እንምጣ። መንገዱ ያው አንድ መንገድ ነው። ታዲያ ለመሄድ ከአሥራ ስድስት እስከ አሥራ ሰባት ሰዓት፣ ለመመለስ አሥራ ሦስት ሰዓት ገደማ የሚሆነው ምን ቤት ነው ብዬ የእህቴን ልጅ ጠየቅኩት። አውሮፕላን ጥገና ላይ ይሠራል። አለቀቀኝም፣ ሁሉንም ዘረዘረው።

አንደኛው ጥፋተኛ አዲስ አበባ ናት። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ነው ያለችው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ክንፉንም በደንብ አያነሳ፣ ሞተሩንም በደንብ አያጎርስ። ስለዚህ አውሮፕላኑ ሰውና ሻንጣ ጭኖ፣ በዚያ ላይ አትላንቲክን የሚያሻግር ነዳጅ እስከ አፍ ሞልቶ ከቦሌ መነሳት ይከብደዋል። ነዳጁን ቀንሶ ይነሳና መንገድ ላይ አርፎ ይሞላል። የዋሽንግተኑ ዳለስ ማረፊያ ግን ከባሕር ወለል 100 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ከዚያ ሲነሳ የሚችለውን ያህል ሞልቶ ያለ ማቋረጥ ቦሌ ይደርሳል። እንግዲህ ዕድሜ ልካችንን «አየራችን ንጹሕ፣ ደጋው ተስማሚ» እያልን ስንኩራራበት የኖርነው ከፍታ ለካ ሰዓታችንን ሲበላ ኖሯል።

ሁለተኛው ጥፋተኛ ነፋሱ ነው። ላይ፣ አውሮፕላን በሚበርበት ከፍታ፣ ጄት ስትሪም የሚሉት ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። ወደ አሜሪካ ስትሄዱ ፊት ለፊት ይገፋችኋል፣ ስትመለሱ ከጀርባ ያግዛችኋል። ይህስ የዓባይ በረሃን በአውቶቡስ እንደመውረድና እንደመውጣት ነው ብዬ ተቀበልኩት። ነፋሱ ግን ወዲያ የሚሄደውን ሽማግሌ የሚያጉላላበት ምክንያት እስካሁን አልገባኝም።

ያናደደኝ ሌላ ነገር ደግሞ አለ። ዋሽንግተን ከእኛ በስተ ምዕራብ ናት። የእኔ አውሮፕላን ታዲያ ወደ ሰሜን፣ በሜዲትራኒያን በኩል አውሮፓ ገብቶ አየርላንድ፣ ደብሊን ላይ ለነዳጅ የሚያርፍ ነበር። «ይሄ ሰውዬ መንገድ ተሳስቷል» አልኩት የእህቴን ልጅ። ሉል አመጣና ክር ይዞ አንዱን ጫፍ አዲስ አበባ፣ ሌላውን ዋሽንግተን ላይ ወጠረው። ክሩ በአውሮፓ በኩል አለፈ። ምድር ክብ ስለሆነች አጭሩ መንገድ ያ ነው፤ በደብሊን በኩል መሄድ የሚጨምረው ከ300 ኪሎ ሜትር ያነሰ ነው። በጠፍጣፋ ካርታ ጂኦግራፊ ተምሮ ያረጀ ሰው በክር ሲረታ ደስ አይልም።

የጉዞው ሰዓት የሚጀምረውም ከቦሌ አይደለም፤ ከሚዛኑ ነው። ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። መሄዴን የሰማ ጎረቤት ሁሉ «ትንሽ ነገር ናት ጋሼ» እያለ ፌስታል ይዞ መጣ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ ዳቦ ቆሎ። ቋንጣ ያመጣችውን ሴትዮ «ሥጋ አሜሪካ አይገባም፣ ይወስዱብኛል» ብዬ ብመልሳት አኮረፈችኝ። ባለቤቴ ሻንጣውን በእጅ ሚዛን አንጠልጥላ ስታየው 23.8 አለ። ኮሮሪማውን አወጣች፤ 23.6። ኮሮሪማውን መለሰችና የእኔን ጫማ አወጣች፤ 22.9። «ይኸው ልክ መጣ!» አለች ደስ ብሏት። ካፖርቴም በዚሁ አኳኋን ከሻንጣ ወጥቶ፣ ለብሼው እንድሄድ ተወሰነ። በነሐሴ!

በረራው ማታ አራት ሰዓት ተኩል ነበር። ሦስት ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ ይባላል። ልጆቹ ደግሞ መንገዱ ይዘጋጋል ብለው ከዚያም አስቀድመው አወጡኝ፤ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ከቤት ወጣሁ። ይህ ሁሉ ከአሥራ ሰባቱ ውስጥ አይቆጠርም። የማን ሰዓት ነው ታዲያ?

ወንበሩ በመስኮት በኩል ነበር። ልጄ «አገር እያየህ ትሄዳለህ» ብሎ የመረጠልኝ ነው። ሌሊት! ከእኔ ቀጥሎ አንድ ጎረምሳ፣ ከእሱ ቀጥሎ ሌላ ጎረምሳ ተቀመጡ፤ አውሮፕላኑ ገና ሳይነሳ ሁለቱም አፋቸውን ከፍተው ተኙ። ሐኪሜ «ረጅም በረራ ላይ ውሃ በደንብ ይጠጡ፣ በየጊዜው ተነስተው እግርዎን ያንቀሳቅሱ፣ ደም እንዳይረጋ» ብሎኛል። ውሃውን ጠጣሁ። መነሳቱ ግን ሁለት ሬሳ መሻገርን ጠየቀ። መጀመሪያ ላይ «ይቅርታ የኔ ልጅ» እያልኩ፣ ኋላ ላይ ሳልል ተሻገርኳቸው።

እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ፊቴ ያለውን ስክሪን ሳይ አደርኩ። ካርታው ላይ ያለችው ትንሽ አውሮፕላን አንዳንዴ የተሰካች ነው የምትመስለው። ከፍታ ከ11,000 ሜትር በላይ፤ የውጭው ሙቀት ከዜሮ በታች 50 ምናምን፤ ቀሪ ርቀት፣ ቀሪ ሰዓት። የሰሜን አፍሪካ በረሃ አላልቅ አለ። ሜዲትራኒያን አለቀ። ጎረምሶቹ አልነቁም።

ደብሊን ስናርፍ ጨለማና ካፊያ ነበር። አየርላንድን አይቻለሁ ብል እንግዲህ ውሸት አይሆንብኝም፤ አንድ የነዳጅ መኪናና አንድ ቢጫ የዝናብ ልብስ የለበሰ ሰው አይቻለሁ። ከወንበር የሚነሳ የለም። እዚያ ላይ ነው ታዲያ አስተናጋጇ መጥታ «አባቴ፣ ነዳጅ እየተቀዳ ስለሆነ ቀበቶዎን ይፍቱ» ያለችኝ። ሌሊቱን ሙሉ «ቀበቶ ይሰሩ» ስትል አድራ! ነዳጅ ሲቀዳ ተሳፋሪ ቀበቶውን የሚፈታው፣ አንድ ነገር ቢፈጠር ቶሎ ለመውጣት ነው አሉ። በሁለት የተኛ ጎረምሳ ላይ ቶሎ እንዴት እንደሚወጣ ግን አልነገሩኝም።

ከደብሊን በኋላ በመጣው ንጋት ተፈጥሮ እንዲህ ትቀልዳለች ብዬ አላስብም ነበር። ከተነሳን ትንሽ ቆይቶ ከኋላችን ሰማዩ ገረጣ። ነጋ ብዬ ተማተብኩ፣ ጸሎቴን አደረስኩ። ጨረስኩ፤ አልነጋም። ዳዊቴን አወጣሁ፤ አሁንም ጎህ ሊቀድ ነው። በዚያ አካባቢ ምድር በሰዓት ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ትሽከረከራለች፤ እኛ ደግሞ ከ800 በሚበልጥ ፍጥነት ወደ ምዕራብ ከፀሐይ እንሸሻለን። ፀሐይ እየተከተለች፣ እኛ እየሸሸን ጎህ ለብዙ ሰዓት ሲቀድ ቆየ። አውራ ዶሮ ተሳፍሮ ቢሆን ድምፁ ተዘግቶ ነበር ዳለስ የሚገባው።

በዚህ መሀል ጾሙ አለ። ፍልሰታ ነው፤ እኔ በፍልሰታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም። አትላንቲክ ላይ ዘጠኝ ሰዓት ስንት ሰዓት ነው? ቄስ ይጠየቅ ብል ያለነው ደመና ላይ ነው። እጄ ላይ ያለውን ሰዓት አልነካም ብዬ ጸናሁ። ስናርፍ ልክ ዘጠኝ ተኩል አለ። ልጄ «እንኳን ደህና መጣህ አባዬ፣ አሁን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ በፈረንጅ ስምንት ተኩል» አለኝ። ያኔ ነው አንድ ነገር ያገኘሁት፤ ለሚጓዝ ሽማግሌ ሁሉ በነጻ እሰጣለሁ። በእኛ ክረምት፣ በእነሱ በጋ፣ አዲስ አበባ ዋሽንግተንን በሰባት ሰዓት ትቀድማለች። እኛ ደግሞ በሀገራችን አቆጣጠር ከፈረንጁ በስድስት ቁጥር ወደ ኋላ ነን። የሚተርፈው አንድ ነው። ስለዚህ ሰዓታችሁን ሳትነኩ፣ ከምታሳያችሁ ቁጥር አንድ ቀንሱ፣ የዋሽንግተንን ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ታገኛላችሁ። ጥቅምት መጨረሻ ገደማ እነሱ ሰዓታቸውን አንድ ወደ ኋላ ሲመልሱ፣ ሁለት መቀነስ ነው። ልጄ ሞባይሉን አውጥቶ አረጋገጠና ዝም አለ።

ጾሙም በዚሁ ተፈታ። ሰዓቴ ዘጠኝ አልፏልና የአዲስ አበባውን ቀን ጾም ጨረስኩ። የአሜሪካው ቀን ግን ገና መጀመሩ ስለነበር እሱንም እንደገና ልጹመው ብዬ ተነሳሁ። ምራቴ «አባባ፣ በአንድ ቀን ሁለት ቀን ተጾሞ ያውቃል?» ብላ ሽሮውን አቀረበችው። ተከራክሬ ነበር። ሽሮው ግን ጥሩ ነበር።

ሽሮው ጋ የሚደረሰው እንዲህ በቀላሉ እንዳይመስላችሁ። አውሮፕላን ማረፉና መድረስ ሌላ ሌላ ናቸው። ዳለስ በ1955 ዓ.ም የተከፈተ፣ ኤሮ ሳሪነን የሚባል ስመ ጥር አርክቴክት የነደፈው ማረፊያ ነው፤ ከአውሮፕላን ወርዳችሁ ወንበር የተደረደረበት ክፍል ውስጥ ትገባላችሁ፤ ሳሎን ነው ብላችሁ ስትቀመጡ ሳሎኑ ይሄዳል። ጎማ አለው! ያ ሳሎን ወደ ኢሚግሬሽን ወሰደን። ልጆቼ ሳያማክሩኝ ዊልቸር አዝዘውልኝ ኖሯል፤ «እኔን ነው? ገና በእግሬ እንጦጦ የምወጣውን?» ብዬ ልቆጣ ስል ከፊቴ ያለውን ሰልፍ አየሁት። ተቀመጥኩ። መኮንኑ ፓስፖርቴን ሲያይ ከእኛ ዘመን በሰባትና ስምንት ዓመት የሚቀድመውን የእነሱን ዓመተ ምሕረት መታበት። በአንድ ሌሊት ይህን ያህል ዓመት የጨመርኩ መሰለኝ፤ ጉልበቴም አምኖበታል። ከዚያ ሻንጣ መጠበቅ፣ ከዚያ ቤልትዌይ የሚሉት ቀለበት መንገድ ላይ መኪና ለመኪና ተያይዞ መቆም። ከቤቴ በር እስከ ልጄ በር ሃያ አራት ሰዓት ሞልቶ ተርፏል።

ሰውነት ደግሞ የሚደርሰው ከሻንጣም በኋላ ነው። ሰባት ሰዓት የተናጋ ሰውነት በቀን አንድ ሰዓት ያህል እየተስተካከለ፣ ሳምንት ገደማ ይፈጃል ይላሉ የሚያውቁት። እኔ በእነሱ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነቅቼ፣ ጨለማ ውስጥ ኩሽና ቁጭ ብዬ የፍሪጅ ድምፅ ሳዳምጥ ሰነበትኩ። ቀን እንግዳ ሲመጣ እንቅልፌ ይመጣል። ክኒኔ «ጠዋትና ማታ» የሚል ነው፤ የየት አገር ጠዋት? ሐኪሙ አልጻፈውም። መመለሻው በሰዓት ያጠረ ነው፤ ጠዋት ተነስቶ በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ገደማ ቦሌ ያወርዳችኋል። ሌሊቱ ግን ተውጦ ነው የምትደርሱት፤ ወደ ምሥራቅ መምጣት ሰውነትን ይበልጥ ያዛባል። አሥራ ሦስት ሰዓት ብለው የሸጡላችሁን ቲኬት ዕዳውን አልጋ ላይ ትከፍሉታላችሁ።

አሁን ልቤን ልናገር። ይህን ሁሉ ችዬ ዝም ባልኩ ነበር፣ «አንድ እንቅልፍ» የምትለዋ ነገር ባትኖር። ያቺን ቃል የሚላት ተሳፋሪው አይደለም፤ ደዋዩ ነው። ሩቅ ቢለው መምጣት የእሱ ተራ ይሆናላ። በመርከብ ዘመን የሄደ ልጅ ባይመጣ ባሕር ከለከለው ይባል ነበር፤ ወላጅም ባሕሩን እየረገመ ይጽናና ነበር። የዛሬው ልጅ ግን በአንድ እንቅልፍ የሚደረስ ቦታ ተቀምጦ ዓመት በዓመት ላይ ይደርባል። ሁለት ሥራ፣ የቤት ዕዳ፣ ከአለቃ የምትለመን የሁለት ሳምንት ፈቃድ እንዳለበት አይቻለሁ፤ አልፈርድበትም። ሲነጋ ወጥቶ ሲመሽ የሚገባ ልጅ ነው። ግን አንድ እንቅልፍ ከሆነ፣ ያቺን እንቅልፍ አንድ ጊዜ እሱ ይተኛት! እኔ ቦሌ መጥቼ እቀበለዋለሁ፤ እስከዚያ ድረስ ካፖርቴን ሻንጣ ውስጥ አደርጋለሁ።

እናንተም እናት አባታችሁን የምትጠሩ ልጆች፣ ሰዓቱን ስትነግሯቸው ከበር እስከ በር ያለውን ቁጠሩ እንጂ የአውሮፕላኑን ብቻ አትንገሩ። ክኒናቸው በእጅ ሻንጣ ይሁን፤ መቼ መቼ እንደሚዋጥ ሐኪሙ በአዲስ አበባ ሰዓት ይጻፍላቸው። የጾም ምግብ ከበረራው ቀን አስቀድማችሁ እዘዙላቸው። ወንበሩን ደግሞ፣ በመድኃኔ ዓለም፣ በመተላለፊያው በኩል ያዙላቸው፤ አገር እያየህ ትሄዳለህ አትበሉ፣ ሌሊት ነው።